«እንዲህ አልነበረችም»፦ ስለ ሥር የሰደደ ሕመም፣ ስለ ድባቴና ስለ ጠባይ

ጥያቄ፦ «የባሕር ዳር ነዋሪ ነኝ። ታላቅ እኅቴ 43 ዓመቷ ነው፤ እንጀራ እየጋገረች ለሆቴሎች በማስረከብ ነው እኛን ታናናሾቿን ያሳደገችን። ከ5 ዓመት በፊት በወገቧ የጀመረው ሕመም ወደ ትከሻዋ፣ ወደ አንገቷና ወደ እግሮቿ ተዛምቷል። ኤምአርአይ ተነሥታ "ትንሽ ዲስክ ገፋ ብሏል፤ ይህን ያህል የሚያሳምም ግን አይደለም" ተባለች። ሌላ ሐኪም ደግሞ "ጠባይሽ ነው፤ ነገር ታከብጃለሽ" ብሎ መለሳት። የእድርና የማኅበር ሰው የነበረችው እታለም አሁን ከጓዳ አትወጣም፤ በልጆቿ ላይ ትጮኻለች፤ ማታ ማታ ታለቅሳለች፤ "ሸክም ሆንኩባችሁ" ትላለች። እውነት ጠባይዋ ነው ሕመሙን ያመጣው? ወይስ ሕመሙ ባሕርይዋን ለወጠው? እንዲህ አልነበረችም።»

መልስ፦ ከመጨረሻው ዐረፍተ ነገርዎ ልነሣ፤ ከደብዳቤው ሁሉ ለእኔ ብዙ የነገረኝ እሱ ነውና። ባሕርይ ከልጅነት ጀምሮ የሚገነባ፣ በወጣትነት መልክ የሚይዝ፣ ከዚያም በሥራም በትዳርም በጉርብትናም ብዙ ሳይለዋወጥ ለዓመታት የሚታይ ነገር ነው። እስከ 38 ዓመታቸው ድረስ የሰው ሰው ሆነው የኖሩ ሴት ሕመም ከጀመራቸው ወዲህ ሌላ ሰው መስለው ከታዩ፣ በመጀመሪያ ሊጠረጠር የሚገባው ባሕርይ ሳይሆን በሽታ ነው። ሳላያቸው የምሰጠው ቃል እንደ ምርመራ አይቆጠር እንጂ፣ ከጻፉልኝ የምረዳው እኅትዎን ሁለት በሽታ በአንድ ጊዜ ሳይዛቸው እንዳልቀረ ነው፤ አንደኛው ሥር የሰደደ ሕመም፣ ሁለተኛው እኛ የአእምሮ ሐኪሞች ድባቴ የምንለው። የትኛው የትኛውን አመጣ የሚለው ክርክር እስኪያበቃ ሁለቱም ሳይታከሙ መቆየታቸው ነው የሚያሳስበኝ።

ምናልባት ሳያስቡት በጥያቄዎ ውስጥ ሁለት ቃል ተጠቅመዋል፤ ሐኪሙ «ጠባይሽ ነው» ማለቱን ጽፈው፣ እርስዎ ግን «ባሕርይዋን ለወጠው?» ብለው ጠይቀዋል። በዕለት ንግግራችን እያፈራረቅን ብንጠቀምባቸውም ሁለቱ አንድ አይደሉም። ሕፃን ጥርስ ሲያበቅል ጠባዩ ይከፋል፤ ሰው ሲርበው ጠባዩ ይከፋል፤ ሌሊቱን ሳይተኛ ያደረ የባጃጅ ሹፌር ጠዋት ላይ ጠባዩ ይከፋል። ባሕርዩ ተለወጠ የሚል ግን የለም። 5 ዓመት ሙሉ ከጎን ወደ ጎን ሲገላበጡ የሚያድሩ፣ ጎሕ ሲቀድ ደግሞ ሊጥ ፊት የሚቆሙ ሴት በልጆቻቸው ላይ ቢጮኹ፣ ጩኸቱ ስለ ሌሊታቸው እንጂ ስለ ማንነታቸው ብዙ አይነግረንም።

ጥያቄው በሕክምናም ውስጥ የቆየ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) በ1959 ጆርጅ ኤንግል የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ለሕመም የተጋለጠ የሰው ዓይነት አለ የሚል ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ በበደለኝነት ስሜት የሚሠቃዩ፣ ነገር ሲቃናላቸው እንኳ ደስታውን መሸከም የሚያቅታቸው ሰዎች ሕመምን እንደ ቅጣት ይኖሩበታል የሚል። በ1943 በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀውና «እውነት» ወይም «ሐሰት» ተብለው የሚመለሱ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጥያቄዎች ያሉት የባሕርይ መለኪያም ለሕመምተኞች በስፋት ይሰጥ ነበር፤ ወገባቸውን የሚያማቸው ሰዎች ደጋግመው ስለ ጤና በመጨነቅ፣ በድባቴና ጭንቀትን በአካል በመግለጽ መመዘኛዎች ላይ ከፍተኛ ነጥብ አመጡ። ብዙዎች ይህን አይተው የሕመምተኛ ባሕርይ ተገኘ አሉ። ችግሩ ከመለኪያው ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ ድካም፣ ስለ እንቅልፍና ስለ አካል ሕመም የሚጠይቁ መሆናቸው ነው። ኩንታል ጤፍ የተሸከመን ሰው ከነሸክሙ ሚዛን ላይ አቁሞ «ክብደትህ ይህን ያህል ነው» እንደ ማለት ይቆጠራል።

ሸክሙ ሲወርድስ ሚዛኑ ምን ያነብባል? በ1997 የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት ትንሽ ቢሆንም ይህንኑ የሚመልስ ስለሆነ እወደዋለሁ። በመኪና አደጋ አንገታቸው ተናውጦ ሕመሙ ሥር የሰደደባቸውን ሰዎች ወስደው፣ ለከፊሎቹ ሕመሙን የሚያስተላልፈውን ቀጭን ነርቭ በሙቀት አቋረጡት፤ ለቀሩት ደግሞ ያንኑ የመሰለ የማስመሰያ ሕክምና አደረጉ። ከ3 ወር በኋላ ሕመማቸው ሙሉ በሙሉ የጠፋላቸው ሰዎች፣ ማንም የሥነ ልቦና ሕክምና ሳይሰጣቸው፣ የመንፈስ ሁከታቸውም አብሮ ለቀቃቸው፤ ሕመሙ ያልተወገደላቸው ግን እንደነበሩ ቀሩ።

ባሕርይ ምንም ድርሻ የለውም ማለት ግን ወደ ሌላው ጽንፍ መሄድ ይሆናል። አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም ሮበርት ክሎኒንገር ባዘጋጀው የባሕርይ መለኪያ ሲታዩ፣ ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከጉዳት የመሸሽ ዝንባሌያቸው ከፍ ብሎ፣ ራሳቸውን ወደ ግብ የመምራት አቅማቸው ዝቅ ብሎ በተደጋጋሚ ተገኝቷል። በተፈጥሮው ስጋት የሚቀናው ሰው ሕመም ሲያገኘው ቶሎ ይደነግጣል፤ ለድባቴም ከሌላው ይልቅ የተጋለጠ ነው። ሆኖም ይኸው ከጉዳት የመሸሽ ዝንባሌ በድባቴ ጊዜ ራሱ ከፍ የሚል፣ ድባቴው ሲታከም ደግሞ የሚወርድ ሆኖ ስለተገኘ፣ በሕመም መካከል ተለክቶ «ባሕርዩ ነው» መባል አይገባውም። የእኔ ልማድ ስለ ባሕርይ አስተያየት የምሰጥ ከሆነ እንቅልፉ ከተመለሰና ድባቴው ከቀለለ ቢያንስ ከጥቂት ወራት በኋላ መስጠት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ግን ያኔ የሚጠይቀኝ ሰው አይኖርም።

ሕመምና ስሜት እንዴት እንደሚገናኙ ለማስረዳት እዚህ ከተማ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገኝም። ጣና ዓባይ ሆኖ በሚወጣበት በጨረጨራ በሮች ያሉት ግድብ አለ፤ ወደ ጢስ ዓባይ የሚወርደውን ውኃ የሚወስነው የሐይቁ ሙላት ብቻ ሳይሆን በሮቹ ምን ያህል ተከፍተዋል የሚለውም ነው። የሕመም ተመራማሪዎቹ ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል በ1965 ያቀረቡት ሐሳብ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል፤ ከወገብ ወይም ከእግር የሚነሣው ምልክት በአከርካሪ ውስጥ በር ያጋጥመዋል፣ አንጎልም ከላይ ሆኖ በሩን ያጠብባል ወይም ያሰፋል። ዝርዝሩ ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሻሽሏል፤ መሠረተ ሐሳቡ ግን እስከ ዛሬ እንሠራበታለን። ከአንጎል ወደ አከርካሪ ወርደው ሕመምን የሚያስታግሱት መስመሮች ሴሮቶኒንና ኖርአድሬናሊን በተባሉ ንጥረ ነገሮች የሚሠሩ ሲሆን፣ የድባቴ መድኃኒቶችም የሚነኩት እነዚሁኑ ነው። እንቅልፍ ማጣት፣ ፍርሃትና ድባቴ በሩን ያሰፉታል፤ ስለዚህ ያው ወገብ ሰው ቤት ደስ ብሏቸው በዋሉበት ቀን ቀለል ብሎ፣ ከሰው ተጣልተው ባደሩበት ቀን ቢብስ ማስመሰል ነው ማለት አይደለም። ሕመሙ ለዓመታት ሲቆይ ደግሞ የነርቭ ሥርዓቱ ራሱ እየተሳለ ይሄድና በፊት የማያሳምመው ያሳምመዋል። ከወገብ ተነሥቶ ወደ ትከሻና ወደ አንገት መዛመቱን ከሚያስረዱት ምክንያቶች አንዱ ይህ ሊሆን ይችላል።

ኤምአርአዩ «ይህን ያህል የሚያሳምም አይደለም» መባሉን በተመለከተ፣ ያነበበው ባለሙያ አልዋሸም፤ የተሳሳተው ከዚያ የተወሰደው መደምደሚያ ነው። ወገባቸውን ፈጽሞ የማያማቸው ሰዎች ሲነሡ በ20 ዓመት ዕድሜ 30 በመቶ ያህሉ፣ በ80 ዓመት ደግሞ 84 በመቶ ያህሉ ዲስካቸው ገፋ ብሎ ይገኛል። ምስሉ የአጥንትና የዲስክ ምስል ነው፤ ሕመምን አይለካም። በ2022 ሥራ ላይ የዋለው 11ኛው የዓለም የጤና ድርጅት የበሽታዎች ዝርዝር ከ3 ወር በላይ የዘለቀ ወይም የሚመላለስ ሕመምን ሥር የሰደደ ይለዋል፤ ከሌላ በሽታ የተነሣ መሆኑ ባይታይም እንኳ ሕመሙ ራሱ በሽታ ሆኖ የሚመዘገብበትን ስም አስገብቷል። «ምንም የለብሽም» ለማለት ምክንያት ይሆን የነበረው ክፍተት በዚህ ተዘግቷል ማለት ነው።

አሁን ወደ ድባቴው። በ2025 የታተመና ከ50 አገሮች የተሰበሰቡ ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንተና እንደሚያሳየው፣ ሥር የሰደደ ሕመም ካለባቸው አዋቂዎች 40 በመቶ ያህሉ ሊታከም የሚገባው የድባቴ ምልክት አላቸው። ቀሪዎቹ 60 በመቶ ያህሉ የላቸውም፤ ይህም «እንዲህ እያመማት እንዴት አትደበር?» የሚለው ነገር ሙሉ በሙሉ ልክ እንዳልሆነ ያሳያል። ድባቴ የሕመም የግድ ውጤት ቢሆን ኖሮ ማንም ባላመለጠው ነበር።

ለመለየት የምንጠቀምበት፣ በአማርኛም ተተርጉሞ በአገራችን የተፈተሸ፣ 9 ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ አለ። ችግሩ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ድካም፣ ስለ ምግብ ፍላጎት፣ ስለ ሐሳብ መበታተንና ስለ እንቅስቃሴ መዘግየት የሚጠይቁትን ሕመም ብቻውን ሊያስመልሳቸው መቻሉ ነው። ስለዚህ እኔ ይበልጥ የማተኩረው በሌሎቹ ላይ ነው። «ያዝናሉ?» ብዬ ከመጠየቅ ይልቅ ሕመም የማይከለክለውን ደስታ እጠይቃለሁ። ቡና ሲቆላ ሽታው አሁንም ደስ ይላቸዋል? የመጨረሻው ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስና የሆነውን ሲያወራ ፈገግ ይላሉ? ለዚህ ወገብ አያስፈልግም። ሕመም ብቻ ያለበት ሰው ሕመሙ ረገብ ባለበት ሰዓት ይስቃል፣ ይቀልዳል፣ ስለ ነገ ያቅዳል፤ ድባቴ የያዘው ግን ሕመሙ በቀለለበት ቀን እንኳ ያው ነው። ሌላው ምልክት እርስዎ የጻፉት «ሸክም ሆንኩባችሁ» የሚለው ነው። ራስን ዋጋ ቢስ አድርጎ ማየት ከወገብ አይመጣም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ በአማርኛ ድባቴ ብዙውን ጊዜ «ተደብሬአለሁ» ብሎ አይመጣም። «ይቆረጥመኛል»፣ «ይጠዘጥዘኛል»፣ «ራሴን ያቃጥለኛል»፣ «ሆዴን ባር ባር ይለኛል» ብሎ ነው የሚመጣው። ስሜታችንን በአካላችን መናገራችን የቋንቋችን ውበት ነው ብዬ አምናለሁ፤ በሕክምና ክፍል ውስጥ ግን የሁለት በኩል አደጋ አለው፤ ድባቴው እንደ ቁርጥማት ብቻ ታይቶ ለዓመታት መርፌ ሊወጉት ይችላሉ፣ እውነተኛው ቁርጥማትም «ጭንቀት ነው» ተብሎ ሊገፋ ይችላል።

ከሕክምናው በፊት መታየት ያለበት ነገር አለ። ሌሊት የሚያልብና ትኩሳት ያለው፣ ክብደት የሚያስቀንስ፣ ሽንትና ሰገራ መቆጣጠር የሚያሳጣ፣ በብልት አካባቢ የሚያደነዝዝ ወይም እግር የሚያሰንፍ የወገብ ሕመም ቀጠሮ አይጠብቅም። በእኛ አካባቢ የአከርካሪ ቲቢን፣ ጥሬ ወተት በሚጠጣበት ቤት ደግሞ ብሩሴሎሲስን መርሳት አይገባም፤ ብሩሴሎሲስ ወገብንም መንፈስንም አብሮ የሚጥል በሽታ ነው። የደም ማነስና የእንቅርት እጢ ሥራ መዛባትም እንዲሁ በቀላል ምርመራ ይታያሉ።

እነዚህ ከሌሉ፣ ከመድኃኒት ይልቅ መጀመሪያ የምጠይቀው ቀናቸው እንዴት እንደሚውል ነው። ብዙ የወገብ ሕመምተኞች ላይ ያየሁት አንድ ዓይነት ነው፤ ሕመሙ ረገብ ባለበት ቀን የሳምንቱን ሥራ ሁሉ በአንድ ቀን ለመጨረስ ይነሣሉ፣ ከምጣድ ሥር ጎንበስ እንዳሉ ሊጡ እስኪያልቅ ይጋግራሉ፣ ከዚያ 3 ቀን ይተኛሉ። ሦስቱ ቀን መተኛት ጡንቻን ያሰንፋል፣ ፍርሃትን ያሳድጋል፤ ቀጥሎ የሚመጣው መጋገር ከበፊቱ የባሰ ያማል። ጥቂት ዙር ካለፈ በኋላ ሰውዬው ምጣዱን ራሱን መፍራት ይጀምራል፤ «ከተነሣሁ ወገቤ ይቆረጣል» የሚለው ሐሳብ ከሕመሙ ይበልጥ ያስራል። ይህን ነው ሰዎች «ነገር ማክበድ» የሚሉት፤ በእኛ ዓይን ግን ከተሞክሮ የተማሩት ፍርሃት ስለሆነ በተሞክሮ ሊለቅ ይችላል። ምጣዱን በብሎኬት ከፍ አድርጎ ቆመው እንዲጋግሩበት ማድረግ፣ ሕመሙ ሳያስገድድ በየ20 ደቂቃው ማረፍ፣ ጥሩ በሆነው ቀን ከተወሰነው አለማለፍ፣ መጥፎ በሆነውም ቀን ፈጽሞ አለመተኛት ነው ሥራው። ከእርስዎ ጋር በሐይቁ ዳር በቀን 5 ደቂቃ ብቻ ይራመዱ፤ በየሁለት ቀኑ 1 ደቂቃ ይጨምሩ። በ5 ደቂቃ ማን ይድናል እንዳይሉኝ፤ ጥቅሙ ከጡንቻው ይልቅ «ተራመድሁ፣ ወገቤም አልተቆረጠም» ብሎ ሰውነት መማሩ ላይ ነው። ይህንኑ በሥርዓት የሚያስተምሩ የሥነ ልቦናና የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች አሉ፤ ውጤቱ መጠነኛ ነው፣ ግን እውነተኛ ነው።

ስለ መድኃኒት፦ በብዛት የሚታዘዘው አሚትሪፕቲሊን ነው። ለሕመምና ለእንቅልፍ ማታ ከ10 እስከ 25 ሚሊግራም ይጀመራል፤ ድባቴን ለማከም ግን ብዙውን ጊዜ ከ75 ሚሊግራም በላይ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ «የድባቴ መድኃኒት ወሰደች፣ አልሠራላትም» ሲባል መጠኑን እጠይቃለሁ። አፍ ያደርቃል፣ ያደክማል፣ ሆድ ያደርቃል፤ ለውጡ የሚታየው በሳምንታት እንጂ በቀናት አይደለም። «የእብድ መድኃኒት ነው» ተብለው በሦስተኛው ቀን የሚያቆሙት ብዙ ናቸው፤ የጎንዮሹን ችግር ተቀብለው ጥቅሙ ሳይደርስ መተው ማለት ነው። የልብ ሕመም ወይም ግላኮማ (የዓይን ግፊት በሽታ) ካለ አስቀድሞ መነገር አለበት። ፍሉኦክሰቲን ለድባቴ ጥሩ ሆኖ ለሕመም ደካማ ነው፤ ዱሎክሰቲን በሚገኝበት ቦታ ለሁለቱም ያገለግላል። ትራማዶል የተባለው የሕመም ማስታገሻ ከእነዚህ ጋር ያለ ሐኪም እውቅና ከተደረበ የሚጥል ሕመም ሊያመጣ ይችላል። ዳይክሎፌናክ የተባለውን ማስታገሻ ለወራት መዋጥም ሆነ መወጋት ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳል። እንደ ዴክሳሜታሶንና ፕሬድኒሶሎን ያሉት ስቴሮይድ የሚባሉ መድኃኒቶች ደግሞ ለጥቂት ቀን ተአምር ይመስላሉ፤ ሲቆዩ አጥንት ያሳሳሉ፣ ስኳርና ግፊት ይጨምራሉ፣ ስሜትንም ያናውጣሉ፤ ለሳምንታት ከተወሰዱም በአንዴ አይቆሙም።

«ሸክም ሆንኩባችሁ» የሚል ሰው ቤት ውስጥ ካለ፣ ሞትን አስበው እንደሆነ በቀጥታ ይጠይቋቸው። መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልም፤ ብቻቸውን ይዘውት ከሆነ ያቀልላቸዋል። ሥር የሰደደ ሕመም ራስን የማጥፋት አደጋን ቢያንስ በእጥፍ ከፍ ያደርገዋል። አሚትሪፕቲሊን በብዛት ከተዋጠ ይገድላል፤ ስለዚህ የሁለት ሳምንቱን ብቻ ተቀብለው እርስዎ ይያዙት፤ የነቀዝ መድኃኒትም ቤት ካለ ዛሬውኑ ያውጡት። ሞትን አስበዋል ወይ ለሚለው አዎን ካሉ፣ ብቻቸውን ሳይተዉ በዚያው ቀን ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸው።

ጠበል መሄዳቸውን አልቃወምም፤ ብዙዎች ከዚያ ብርታት ይዘው ይመለሳሉ። የምለምነው መድኃኒቱ እንዳይቋረጥና ቀዝቃዛ ወለል ላይ ለሳምንታት እንዳይተኙ ነው። በጾም ወቅትም ዳይክሎፌናክ በባዶ ሆድ አይወሰድ፤ አሚትሪፕቲሊን በተፈጥሮው የማታ ስለሆነ ችግር የለበትም።

በቤት ውስጥ ሁለት ተቃራኒ ስሕተት አያለሁ፤ አንዱ «አንቺ ደግሞ አበዛሽው» ማለት፣ ሌላው ከእጃቸው ሁሉን ነጥቆ አልጋ ላይ ማስቀመጥ። ሁለተኛው ደግነት ስለሚመስል ይበልጥ ያታልላል። እኅትዎ የእድር ሰው ነበሩ ብለዋል፤ ድንኳን መትከልና ወጥ መሥራት ባይችሉ መዋጮ ተቀብሎ መመዝገብ ይችላሉ። የእድሩን ሴቶች ሄደው እርስዎ ያነጋግሩልኝ፤ «ታማለች፣ እንተዋት» ብለው ከሆነ የራቁት፣ ሊመጡ ይችላሉ።

በከተማችን ፈለገ ሕይወትም ሆነ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። «እብድ ነሽ ተባልሁ» ብለው እንዳይከፋቸው፣ ወደዚያ መሄዳቸው የወገቡን ክትትል እንደማያስቀር ቀድመው ይንገሯቸው። ከመሄዳችሁ በፊት ለ2 ሳምንት በአንድ ደብተር ላይ የተኙበትን ሰዓት፣ ሕመሙን ከ10 ምን ያህል እንደሆነና የዕለቱን ሥራ ይጻፉላቸው፤ በቀጠሮው ቀንም ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ፣ ያለቀውን ማሸጊያና ያለ ማዘዣ የተገዛውንም ጭምር፣ ሳያፍሩ በአንድ ፌስታል ይዛችሁ ኑ።